በደም የተጻፈ ግድፈት

ስለ ደም ለመናገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ጋቢ ልጀምር።

ዓመታት አልፈዋል። ጉና ተራራ ግርጌ ካለ ቀበሌ አንዲት አራስ ከእናትዋ ጋር ወደምሠራበት ጤና ተቋም መጣች። ሕፃኑ ከተወለደ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ እንደ አገሩ ወግ በስምንተኛው ቀን ተገርዟል። ደሙ ሌሊቱን ሙሉ አልቆመም። ጋቢ አራት እጥፍ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የታቀፈበት ጋቢ አራቱም እጥፍ ርሶ፣ ውጭው ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ክብ ሠርቷል። ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ተነስንሷል። ቡናው ደሙን ሊያቆመው ቀርቶ እንደ ጭቃ ሆኖ አብሮት ይወርዳል። የሕፃኑ ከንፈር ነጥቷል፤ ለማልቀስም አቅም አንሶታል።

እናትየው መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ቁስሉ አልነበረም። «አማቴ ‹በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ደም አናውቅም፤ ይኸ ያንቺ ነው› አሉኝ» አለችኝ። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ቃል የምሰጠው መልስ ነው።

ያን ቀን በእጄ የነበረው መሣሪያ ሁለት የብርጭቆ ቱቦ ብቻ ነበር። በአንዱ የእናትየውን ደም፣ በሌላው የሕፃኑን ጥቂት ደም ቀዳሁና በመዳፌ ሙቀት ይዤ ሰዓቴን ተመለከትኩ። አሥር ደቂቃ አካባቢ ሲሆን የእናትየው ደም ረጋ፤ ቱቦውን ብደፋውም እንደ እርጎ ተይዞ ቀረ። የሕፃኑ ግን በሃያ ደቂቃም፣ በሠላሳ ደቂቃም ባዘነበልኩት ቁጥር እንደ ውኃ ይሄዳል። ይህ ሻካራ ምርመራ ነው፤ የሚይዘውም የባሰውን ብቻ ነው። ግን የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለብን ነገረን። ሂሞፊሊያ የሚባለው፣ ደም ያለመርጋት በሽታ ነው።

ቆዳ ሲቆረጥ ደማችን ራሱን የሚጠግነው በብዙ ሠራተኞች ቅብብል ነው። አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ያም ቀጣዩን፤ በመጨረሻ ፋይብሪን የሚባል ክር ተፈትሎ ቁስሉ ላይ እንደ ሸማኔ ድር ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን ቅብብል የገለጹት ተመራማሪዎች በፏፏቴ መስለውታል፤ ከላይ ጥቂት ሆኖ የጀመረው ወደ ታች በወረደ ቁጥር እየበዛ ይሄዳል። ሠራተኞቹ ፋክተር ይባላሉ፤ መጠሪያቸውም ቁጥር ነው። ለእኛ የሚያስፈልጉን ሁለቱ፣ ፋክተር 8 እና ፋክተር 9 ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ጥማድ ናቸው። በአንድ ቀንበር ተጠምደው ነው ቀጣዩን ፋክተር የሚያነቁት። ግራው በሬ ቢታመም ቀኙ ብቻውን አያርስም፤ ቀኙም ቢታመም ያው ነው። ፋክተር 8 ሲጎድል ሂሞፊሊያ ኤ፣ ፋክተር 9 ሲጎድል ሂሞፊሊያ ቢ ይባላል፤ በዓይን አይለዩም። ሁለቱም ጉልበት ላይ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ክርን ላይ ደም ያቁራሉ። ከፋክተሩ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የሌለው ልጅ ሳይመታ ይደማል። ከመቶ አምስት እጅ በላይ ያለው ግን ጥርሱን እስኪነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና እስኪያገኘው ምንም ላያውቅ ይችላል።

ታዲያ ፋክተሩ ለምን ጎደለ? እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ከማንም የተሻለ ሊረዳኝ ይችላል፤ ይህ የብራና አገር ነውና። ቁም ጸሐፊ ጎንበስ ብሎ አንዱን መጽሐፍ ከሌላው ሲገለብጥ ያየ ሰው ዘረ መል ምን እንደሆነ ግማሹን ያውቃል። በሰውነታችን ያለው ጽሑፍ ዲኤንኤ ይባላል፤ ፊደሉ አራት ብቻ ነው። የፋክተር 8 ዘረ መል ወደ 186 ሺህ ፊደል የሚደርስ ትልቅ ድርሳን ነው፤ ዋናው ንባብ በ26 ቁራጭ ተከፋፍሎ በመካከሉ የማይነበብ ረጅም ጽሑፍ ገብቶበታል። የፋክተር 9 ግን 34 ሺህ ገደማ ፊደልና 8 ቁራጭ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሁለቱም የሚገኙት ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ነው።

ሕዋስ ሲከፈል ይህ ሁሉ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥም ግድፈት ይገባል። ሳይንሱ ሚውቴሽን ይለዋል። ግድፈት ሁሉ አንድ አይደለም። ገልባጩ በ«ሰ» ፈንታ «ሠ» ቢጽፍ ንባቡ አይለወጥም፤ እንዲህ ያለው ድምፅ የሌለው ግድፈት በየሰውነታችን ሞልቷል። «ገደል» የሚለውን «ገደለ» ብሎ ቢጽፍ ግን ገደሉ ቀርቶ ነፍሰ ገዳይ መጣ። በአንድ ፊደል ለውጥ ፋክተሩ ቅርጹን ያጣል፤ አንዳንዴ በጥቂቱ፣ አንዳንዴ በጠቅላላ። ከዚህ የሚብሰው ገልባጩ በዓረፍተ ነገሩ መሀል አራት ነጥብ ሲያኖር ነው። አንባቢው እዚያው ላይ ያቆማል፤ ፋክተር 8 ከሚገነባባቸው 2,332 ጡቦች አንዳንዴ ግማሹን ሳያገኝ ይቀራል። ለዚህ አደጋ የሚጋለጥ የታወቀ ቦታ አለ፦ ሲ የሚባለው ፊደል ከጂ ጎን ሲቆም በኬሚስትሪው ጠባይ የተነሣ ወደ ቲ ለመለወጥ ይቀናዋል። አርጂኒን የተባለውን ጡብ የሚያዘው «ሲጂኤ» «ቲጂኤ» ይሆናል፤ «ቲጂኤ» ደግሞ አራት ነጥብ ነው።

አንዱን ግን ቆም ብዬ ልንገራችሁ፤ ለዚያች እናት የምሰጠው መልስ እሱ ውስጥ ነውና። ከከባዱ ሂሞፊሊያ ኤ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከመቶ 45 ያህሉ፣ የሚመጣው ከአንድ ዓይነት ግድፈት መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1993 ታወቀ። ፊደል አልተሳተም፤ ቃል አልጎደለም። መጽሐፉ ሲጠረዝ አንድ ትልቅ ክፍል ተገልብጦ ተሰፍቷል። አንባቢው እስከ ሃያ ሁለተኛው ቁራጭ ድረስ በደኅና ይሄድና ቀጣዩን ገጽ ሲገልጥ ሌላ ነገር ይገጥመዋል።

ይህ እንዴት ሆነ ያላችሁ እንደሆነ፣ መልሱን ቁም ጸሐፊዎች ያውቁታል። አንድ ሐረግ በሁለት ገጽ ላይ ሲደገም የገልባጩ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። በፋክተር 8 ዘረ መል ውስጥም ከሃያ ሁለተኛው ቁራጭ ቀጥሎ ባለው የማይነበብ ክፍል 9,500 ገደማ ፊደል ያለው አንቀጽ አለ፤ የዚህ አንቀጽ ሁለት ግልባጮች ደግሞ ከዘረ መሉ ውጭ ራቅ ብለው፣ በዚያው ክሮሞዞም ጫፍ አካባቢ ይገኛሉ። ክሮሞዞሙ በራሱ ላይ ቢታጠፍ ተመሳሳዮቹ አንቀጾች ይገናኛሉ፣ ይቀያየራሉ፤ በመካከላቸው ያለውም ይገለበጣል።

ሴት ሁለት ኤክስ አላት። እንቁላልዋ ሲዘጋጅ ሁለቱ ኤክሶች ጎን ለጎን ተደግፈው ስለሚቆሙ አንዱ በራሱ ላይ የመታጠፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ነው ያለው፤ ዘሩ ሲዘጋጅ ያ ኤክስ ደጋፊ የለውም፣ ይታጠፋል። ስለዚህ ይህ ግልብጥ የሚፈጠረው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በወንድ ዘር ውስጥ ነው። ወንድ ኤክሱን የሚያወርሰው ለሴት ልጁ ብቻ ስለሆነ፣ ግድፈቱ የገባው በልጁ አባት ሊሆን አይችልም። በእናትየው አባት፣ አለዚያም በእናት በኩል ከዚያ በላይ በነበረ አያት ነው። ሆልዴን የተባለው የብሪታንያ ሊቅ ዘረ መሉ ራሱ ሳይታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ የቤተሰቦችን ቁጥር ብቻ አስልቶ የሂሞፊሊያ ግድፈት ከሴት ይልቅ በወንድ እንደሚበዛ ተናግሯል። እኔ ይህን ሳነብ ያች አራስ ፊቴ ድቅን አለችብኝ። እናት መሸከምዋ እውነት ነው። ግድፈቱን የጻፈው እጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የወንድ ነው፤ እሱም ቢሆን ሳያውቅ፣ ሳይበድል።

ለዚህ የዓለም ታሪክ አንድ ምስክር አለው፤ ምስክሩም ከከተማችን ከደብረ ታቦር ጋር የቆየ ጉዳይ አለው። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ ዘገየ፤ ቂሙ ተጠራቀመ፤ እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ ፍጻሜውን መቅደላን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ይህ ነው፦ ያ ደብዳቤ በተጻፈበት ወራት ንግሥቲቱ ደሙ የማይረጋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበራት። ልዑል ሊዮፖልድ ይባላል። በሠላሳ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ አዳልጦት ወድቆ ሞተ። ሁለቱ እኅቶቹ አሊስና ቢያትሪስ ግድፈቱን ወደ ሌሎች የአውሮፓ ቤተ መንግሥታት ይዘው ሄዱ፤ የመጨረሻው የሩሲያ ንጉሥ አልጋ ወራሽ አሌክሲ የአሊስ የልጅ ልጅ ነው። ከቪክቶሪያ በፊት በነበሩት ዘመዶችዋ በሽታው አልታየም። እስዋ ስትወለድ አባትዋ 51 ዓመቱ ነበር፤ ግድፈቱ በእርሱ ዘር ገብቶ ይሆናል የሚለው ግምትም ከዚህ ይነሣል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ከሩሲያ ንጉሣውያን አጽም ዲኤንኤ አውጥተው አነበቡ። ሂሞፊሊያ ቢ ነበር። በፋክተር 9 ዘረ መል ከአራተኛው ቁራጭ ሦስት ፊደል ቀደም ብሎ አንድ ኤ ወደ ጂ ተለውጧል። በዚህ የተነሣ የማይነበበውን ክፍል ቆርጦ የሚያወጣው ቆራጭ ሁለት ፊደል ቀድሞ ይቆርጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ በሙሉ ይንሸራተትና ብዙም ሳይሄድ አራት ነጥብ ላይ ይወድቃል። አንድ ፊደል ነው እንግዲህ።

የሊዮፖልድን ልጆች ደግሞ ተመልከቱ። ሴት ልጁ ተሸካሚ ሆነች፤ የእስዋም ልጅ ታመመ። ወንድ ልጁ ጤነኛ ነበር። የታመመ አባት ለሴት ልጆቹ በሙሉ ያወርሳል፤ ለወንድ ልጆቹ አንዱንም አያወርስም። ተሸካሚ እናት ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድልዋ እኩል በእኩል ነው፤ ወንድ ቢሆን ግማሽ በግማሽ ይታመማል፣ ሴት ብትሆን ግማሽ በግማሽ ተሸካሚ ትሆናለች። የመጀመሪያው ታሞ ተወለደ ማለት ሁለተኛው ይተርፋል ማለት አይደለም። ተሸካሚዋ ራስዋም ሁልጊዜ ደኅና አይደለችም። በየሕዋስዋ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱ ይተኛል፤ ይህን ሜሪ ላየን እ.ኤ.አ. በ1961 አስረዳች። ደኅናው ኤክስ በብዙው ሕዋስ ከተኛ የወር አበባዋ ይበረታል፤ ስትወልድም ደም ይጠናባታል። እንዲህ ያለች ሴት «የሴት ነገር ነው» ተብላ መተው የለባትም።

ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት በዘራቸው ከዚህ በፊት የታየ ነገር የላቸውም። የቀሩት ሁለት ሦስተኛ ግን በዘር ቆጠራ ሊደረስባቸው ይችላል። በዘር ቆጠራ ደግሞ ማን ይቀድመናል? የጎንደርና የጎጃም ባላገር ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም ነበር፤ ከአቅኚው አባት ጀምሮ በሴትም በወንድም ወርዶ እስከ ራሱ መቁጠር ነበረበት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱን አስቀረው፤ ቆጠራውን ግን አላስቀረም። ዛሬም ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል። እኔ የምለምናችሁ ያንን ቆጠራ ለደምም እንድትጠቀሙበት ነው። የእናት ወንድሞች፣ የእናት እኅት ወንድ ልጆች፣ የአያት ወንድሞች፤ ሲገረዝ የሞተ፣ ነስር የገደለው፣ ጉልበቱ እያበጠ ያነከሰ አለ ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው።

በደቡብ ጎንደር ይህን መጠየቅ ከንቱ አይደለም። በዓለም ላይ በተደረገ ጥናት ከ100 ሺህ ወንዶች 21 ያህሉ ሂሞፊሊያ እንዳለባቸው ይገመታል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ይህ ዞን ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ግማሹ ወንድ ነው ብንል ወደ 200 ሰው ይደርሳል። ይህ ስሌት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ስሌቱም ታማሚዎቹ ሁሉ በሕይወት እንዳሉ አድርጎ ነው፤ ሕክምና በሌለበት ከባዱ በሽታ ያለበት ልጅ ለአካለ መጠን ሳይደርስ ይቀጫል።

የሚቀጭበትንም እናውቃለን። ግርዛት አንዱ ነው። እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ ዋግምት፣ ብጥ ሌሎቹ ናቸው። እንጥልና ግግ ለማንም ልጅ አይበጁም፤ ደሙ ለማይረጋ ልጅ ደግሞ የሞት ፍርድ ናቸው። ስለ ግርዛት ግን ሃይማኖት ነው ብለው የሚፈሩ እናቶች ስላሉ ይህን እላለሁ፦ አፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ የምንገረዘው በኦሪት ሕግ ሳይሆን በአገር ልማድ ነው ብለዋል። ግርዛትን አጥብቀው የሚጠብቁት አይሁድ እንኳ ሁለት ወንድሞቹ በግርዛት የሞቱበት ሕፃን እንዳይገረዝ ከጥንት ጀምሮ ደንግገዋል፤ የእኅትማማቾችንም ልጆች አብረው ይቆጥሩ ነበር። ዘረ መል የሚባል ነገር ሳይታወቅ፣ በሐዘን ብቻ የተገኘ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ስምንተኛው ቀን ቢያልፍ ምንም አይደል።

እኛ ባለሙያዎችም ንጹሕ አይደለንም። ያ በጋቢ የመጣ ሕፃን ፕላዝማ ተሰጥቶት ተረፈ። በሰባት ዓመቱ ግን ጉልበቱ ሲያብጥ፣ ስሙን የማልጠራው ጤና ተቋም ውስጥ ዲክሎፌናክ ቂጡ ላይ ተወጋ። መርፌው ጡንቻ ውስጥ ደም አጎረ፤ መድኃኒቱ ራሱ ደም ያቀጥናል። ልጁ ወር ተኛ። ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ ቀኝ ጉልበቱ አይዘረጋም፤ የቡሄ ዕለት እኩዮቹ ጅራፍ ሲያጮሁ ከአጥሩ ላይ ሆኖ ያያል። ለእንዲህ ያለ ልጅ አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን አይሰጥም፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ያበጠው ቦታ ያርፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይታሰራል፤ ልጁም ፋክተር ወዳለበት ይሄዳል።

ፋክተሩ የት አለ ብትሉ፣ መንገዱ ረጅም ነው። የሂሞፊሊያ ሕክምና በአገራችን በዋናነት የተደራጀው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ከዚህ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ። ታማሚዎችና ወላጆች የኢትዮጵያ ሂሞፊሊያ ማኅበር አላቸው። መድኃኒቱ በአብዛኛው የሚመጣው በዓለም አቀፉ የሂሞፊሊያ ፌዴሬሽን እርዳታ ነው፤ ፌዴሬሽኑን እ.ኤ.አ. በ1963 የመሠረተው ፍራንክ ሽናቤል ራሱ ታማሚ ነበር፤ በልደቱ ቀን፣ ሚያዝያ 9፣ የሂሞፊሊያ ቀን ይከበራል። አሁን ደግሞ ኤሚሲዙማብ የሚባል፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት መጥቷል። ለሂሞፊሊያ ኤ ነው፤ የጎደለውን ፋክተር 8 ተክቶ ቀንበሩን ይይዛል፤ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ወይም በወር አንዴ ይበቃል። ጉና ግርጌ ላለ ልጅ ከዚህ የሚሻል ዜና አልሰማሁም። እርዳታ ግን ዘላቂ አይደለም፤ መንግሥት በመድኃኒት በጀቱ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ግድፈት ክፉ ክፉውን ብቻ አወራሁ። ጣሊያን አገር ፓዱዋ ላይ የተመረመረ፣ ደሙ ከመጠን በላይ የረጋ የአንድ ወጣት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ሆነ። በፋክተር 9 ላይ 338ኛው ጡብ ብቻ ተለውጦ አገኙት፤ ፋክተሩም ከሌላው ሰው ስምንት እጥፍ ይሠራል። ተመራማሪዎች ያንን ግድፈት ወስደው በማይጎዳ ቫይረስ ላይ ጭነው ወደ ሂሞፊሊያ ቢ ታማሚዎች ጉበት ላኩት። ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ሲፈቀድ ዋጋው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለአንዱ ሕመም የሆነ ግድፈት ለሌላው መድኃኒት ሆነ፤ ወደ እኛ እስኪደርስ ግን ገና ነው።

ወደ ጋቢው ልመለስ። ሕፃኑ ፕላዝማውን አግኝቶ ከንፈሩ ሲቀላ ወረቀት አወጣሁና ዘሩን መሣል ጀመርኩ። ለወንድ አራት ማዕዘን፣ ለሴት ክብ። «ወንድሞች አሉሽ?» አልኳት። «አንድ» አለች። አያትየዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «እማማ፣ ሌላ ነበር ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቆይተው፣ «ሁለት ነበሩ። አንዱ በሰኔ፣ አንዱ በኅዳር። ከተገረዙ በማግሥቱ» አሉ። ልጃቸው ይህን ከዚያ በፊት አልሰማችም። ስማቸውን ጠየቅኳቸው። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ ሁለቱም ዘጠነኛው ቀን ላይ ነው የቀሩት፤ ስም አልነበራቸውም። ሁለት አራት ማዕዘን ሠርቼ ሰረዝ አሳረፍኩባቸው፤ ጎናቸውን ባዶ ተውኩት። ግድፈቱ እንግዲህ ከአያትየዋ አባት ወይም ከዚያ በላይ ካለ ሰው ሳይመጣ አልቀረም። አማትየዋም የሚወቅሱት ሰው ቢፈልጉ፣ ሞቶ የተቀበረ፣ ምንም የማያውቅ አንድ ገበሬ ነበር።

በወረቀቱ ላይ ሌላም ክብ ነበር፤ የአራስዋ ታናሽ እኅት፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር። ጤና ተቋም እንድትወልድ፣ ሕፃኑ በመሣሪያ እንዳይጎተት፣ መርፌም እንዳይወጋ ተነጋገርን። ወንድ ወለደች። ከእትብቱ ደም ተወስዶ ፋክተር ወደሚለካበት ተላከ። ስምንተኛው ቀን አለፈ። አያትየዋ ምላጩን ከቤት አውጥተው ለጎረቤት ሰጡ። በሦስተኛው ሳምንት መልሱ ደረሰ፤ ፋክተር 8 ሙሉ ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ስሙን ሊነግሩኝ አያትየዋ ራሳቸው መጡ፤ እኔም ያንን ወረቀት አውጥቼ በአራት ማዕዘኑ ጎን ጻፍኩት።